የቆሎ መጠቅለያ የሆነው ፎርማችን

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ከበጎ ፈቃደኞቻችን አንዷ ወደ ቢሮዬ ገብታ የተጨማደደ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችልኝ። ጓደኛዋ መገናኛ ታክሲ ስትጠብቅ ቆሎ ገዝታ በልታ ከጨረሰች በኋላ፣ መጠቅለያውን ልትጥል ስትል የምታውቀው ፊት ታያለች። ወረቀቱ የእኛ የምዝገባ ፎርም ነበር። የበጎ ፈቃደኛዋ ጉርድ ፎቶ ጥግ ላይ እንደተለጠፈ ነው፤ ከሥሩ ሙሉ ስሟ፣ ስልክ ቁጥሯ፣ ወረዳዋና የቤት ቁጥሯ፣ የእናቷ ስምና ስልክ ተጽፏል፤ ከሁሉም በታች ደግሞ «መረጃውን የተቀበለው» በሚለው መስመር ላይ የእኔ ፊርማ አለ።

«ቲቸር፣ ይሄ የእኛ ፎርም አይደል እንዴ?» አለችኝ። በጡረታ ከመውጣቴ በፊት መምህር ስለነበርሁ ሁሉም የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው። ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ይልቁንም የሆነውን ማመን ያቃታት ትመስል ነበር። ብትቆጣ ኖሮ እኔም ለመከላከል እሞክር ነበር፤ አለመቆጣቷ ግን መልስ አሳጣኝ።

ድርጅታችን ትንሽ ነው። ደመወዝ የሚከፈለን አምስት ሰዎች ስንሆን በዚያን ጊዜ 63 በጎ ፈቃደኞች ነበሩን፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆችን ያስጠናሉ፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ቤት ለቤት እየሄዱ ይጠይቃሉ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ቤት እናድሳለን። የኮምፒውተር ባለሙያ የለንም፤ የሕግ አማካሪም የለንም። ይህን የምጽፈውም የእኛን ያህል አቅም ላላቸው ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠፈር ክበባት ነው፤ ምክንያቱም በሰው መረጃ ጥበቃ ላይ የሚሰጡ ሥልጠናዎች ብዙውን ጊዜ ስለ ኮምፒውተር ሰርጎ ገቦችና ስለ ቫይረስ ሲያወሩ፣ የእኛን ሰዎች መረጃ ያወጣው ግን ቫይረስ ሳይሆን የዓመት መጨረሻ ጽዳት ነው።

ወረቀቱ እንዴት እንደወጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በበጀት ዓመቱ መዝጊያ ካቢኔቱ ስለሞላ፣ «ይህን አሮጌ ወረቀት ከዚህ አንሡልኝ» ብዬ ያዘዝሁት እኔው ነበርሁ። ቢሮውን የሚያጸዱልን እትዬ እንደታዘዙት አነሡ፤ ወረቀት በኪሎ ለሚገዛ ሰው ሸጡትና በገንዘቡ ለቢሮው ስኳርና ቡና ገዙበት። እሳቸውን የሚያስወቅስ ነገር አላገኘሁም። ጥሩ ወረቀት የሚጣልበት አገር ላይ አይደለንም፤ ሁሉም ወረቀት ሁለተኛ ዕድሜ አለው፤ ፈተና የተፈተንንበት ሁሉ ቆሎና ኦቾሎኒ ሲጠቀለልበት ያየን ሰዎች ይህን ቀድመን ማሰብ ነበረብን። ቀሪውን ክምር ለማስመለስ በማግሥቱ ገዥውን ፈልገን አገኘነው፤ ወረቀቱ ግን ለቸርቻሪዎች ተከፋፍሎ አልቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ ነው፤ ለሌሎችም መጀመሪያ አድርጉት የምለው ይህንኑ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍሁና መሐሉ ላይ «የበጎ ፈቃደኞች ዝርዝር» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያም ሠራተኞቹን በሙሉ አንድ በአንድ እየጠራሁ፣ ይህ ዝርዝር ከእነርሱ ዘንድ በየትኛው መልክ እንዳለና ለማን እንደላኩት ጠየቅኋቸው። ማንንም እንደማልቀጣ አስቀድሜ ተናገርሁ፤ ይህን ባልናገር ኖሮ ግማሹ ይደበቅ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ሁለት ቀን የፈጀው ጥየቃ ሲያልቅ ዝርዝራችን አሥራ አንድ ቦታ ተገኘ።

ዋናው ፎርም ካቢኔት ውስጥ ነበር፤ የካቢኔቱ ቁልፍ ደግሞ ከካቢኔቱ ጎን ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛው ቅጂ እንግዳ መቀበያው ላይ፣ ማንም ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ሊያገላብጠው በሚችል ክላሰር ውስጥ ነው። ሦስተኛው እኔ ኮምፒውተር ላይ በኤክሴል፣ አራተኛው የሒሳብ ሠራተኛችን ማታ ወደ ቤቷ ይዛው በምትሄደው ላፕቶፕ ላይ፣ አምስተኛው ስድስት ሰው በሚዋዋሰው ፍላሽ ላይ። ስድስተኛው አስገራሚ ነው፦ ከሦስት ዓመት በፊት በጎግል ፎርም ያደረግነው ምዝገባ፣ ያኔ ያግዘን በነበረ ወጣት የግል ጂሜይል ሥር ነው የተከፈተው። ወጣቱ ለሥራ ዱባይ ከሄደ ቆይቷል፤ አዲስ የተመዘገቡት ሰዎች ሁሉ መረጃ ግን እኛ ሳናውቀው፣ እርሱም ሳይፈልገው፣ እዚያው እርሱ ዘንድ መከማቸቱን ቀጥሎ ነበር። ሊንኩም «ሊንኩ ያለው ሰው ሁሉ ማየት ይችላል» በሚለው ላይ እንደተተወ ነው። ሰባተኛው በቴሌግራም ግሩፓችን አናት ላይ ፒን የተደረገ ፋይል ነበር፤ ስምንተኛው የምናሳትምበት ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ፤ ዘጠነኛው በለጋሽ ድርጅት ኢሜይል፤ አሥረኛው ለክረምት በጎ ፈቃድ ፕሮግራም ሲባል በተሰጠው በወረዳው ጽሕፈት ቤት። አሥራ አንደኛው የቆሎው ነው።

ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ይህን ቀዳዳ አናየውም። ፍላሽ ሰክተን ወይም ፋይሉን በቴሌግራም ልከን «አንድ ስምንት ኮፒ» እንላለን፣ ከፍለን እንወጣለን፤ ፋይሉ ግን እዚያው ይቀራል። ሄጄ ባለቤቱን ስጠይቀው በትሕትና ስክሪኑን አዞረልኝ። የእኛ ፋይል «በጎ ፈቃደኞች የመጨረሻ 2» በሚል ስም በፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ደግሞ የሰው ሲቪ፣ የኪራይ ውል፣ የሐኪም ቤት ውጤት፣ የፓስፖርት ቅጂ ሞልቷል። «ጋሼ፣ ማን ያነበዋል ብለው ነው?» ብሎ ሳቀ። ፋይሉን ከፊት ገጹ፣ ከማውረጃ ፎልደሩ፣ ከቴሌግራም መልእክቱና ከቆሻሻ ቅርጫቱ አብረን አጠፋነው። ከዚያ ወዲህ ስም ያለበትን ነገር ውጭ አናሳትምም፤ ያገለገለች ፕሪንተር ገዛን፤ ከአንድ ዓመት የፎቶ ኮፒ ወጪያችን ጋር ስናስተያየው ያን ያህል አልጎዳንም።

ይህ ሁሉ ዝርክርክነት በእርግጥ ሰው ጎድቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ሥራ አስኪያጃችንም የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። በመጀመሪያ የጎዳው ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር። ዝርዝሩ ያለበትን ቦታ ሁሉ የሚያሳየውን የግድግዳ ካርታ ከሠራሁ በኋላ ግን ቀደም ብሎ የሰማኋቸውና ያልገቡኝ ሁለት ነገሮች ትርጉም አገኙ። አንዷ በጎ ፈቃደኛ በማታ እየደወለ የሚያስቸግራት ሰው እንዳለ ነግራኝ ነበር፤ ስሟን፣ የምትማርበትን ቦታና ሠፈሯን ያውቃል። እኔም «ቁጥሩን ብሎክ አድርጊው» ብዬ አልፌዋለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ያ ሰው ያወቀው ሁሉ ቴሌግራም ላይ ፒን በተደረገው ፋይል ውስጥ በተርታ ተጽፎ ነበር። ግሩፑ ውስጥ ደግሞ 140 ሰው ነበር፤ በጎ ፈቃደኞቹ ግን 63 ናቸው፤ የቀሩት ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ፎርማችን ላይ «የጤና ሁኔታ» የሚል መስመር ነበር። አንድ ወጣት የሚጥል በሽታ እንዳለበትና መድኃኒቱን በሥርዓት እንደሚወስድ በቅንነት ጻፈበት። ኤክሴሉ ውስጥ ያ መስመር ከስሙ አጠገብ ስለነበር የቡድን መሪዎች ሁሉ አነበቡት፤ ማንም በክፋት ባይሆንም፣ ወደ አረጋውያኑ ቤት የሚሄድ ቡድን ሲመደብ እርሱ እየተዘለለ ይቀር ጀመር። ከሦስት ወር በኋላ መምጣት አቆመ። ለምን እንደቀረ ያወቅሁት ከዓመት በላይ ቆይቶ ከጓደኛው ነው። ያ ልጅ የነገረን እንድንጠነቀቅለት ነበር፤ እኛ ግን ከእርሱ መጠንቀቂያ አደረግነው።

ፎርሙን ራሱን ለማየት ተሰበሰብን። ሃያ ሁለት ጥያቄዎች ነበሩት። ከየት እንደመጡ ስንጠያየቅ፣ ከዓመታት በፊት የሌላ ድርጅት ፎርም አግኝተን አርማውን ብቻ ቀይረን እንደተጠቀምንበት አንዱ አስታወሰ። ያ ድርጅትም ከሌላ ቀድቶት እንደሆነ እገምታለሁ፤ ፎርም በአገራችን እንደ ተረት ከአፍ ወደ አፍ ይወርዳልና። እያንዳንዱን መስመር እያነበብሁ «ባለፈው ዓመት ይህን መረጃ ለምን ሥራ ተጠቀምንበት?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሊያስፈልግ ይችላል» የሚለውን መልስ እንደማንቀበል አስቀድመን ተስማማን፤ ምክንያቱም ሊያስፈልግ የማይችል ነገር በዓለም ላይ የለም።

የትውልድ ቦታ፣ የጋብቻ ሁኔታና የወላጆች ሥራ ያለ ብዙ ክርክር ወጡ። «ብሔር» እና «ሃይማኖት» የሚሉት ላይ ስንደርስ ክፍሉ ዝም አለ። ልጅ ለማስጠናት ወይም የአረጋዊት ቤት ለመምረግ የአንድ ሰው ብሔር ለምን እንደሚፈለግ ማንም መልስ አልነበረውም፤ ይሁንና 63 ሰዎች ብሔራቸውን፣ ሃይማኖታቸውን፣ የቤት ቁጥራቸውንና ፎቷቸውን በአንድ ገጽ ላይ ጽፈው ሰጥተውናል። ባለፉት ዓመታት በየቦታው ያየነውን ለሚያስታውስ ሰው፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር በተሳሳተ ጊዜ ከተሳሳተ እጅ ቢገባ ምን ሊሆን እንደሚችል ማብራራት አያስፈልግም። በዚያ ስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ድምፅ ተሰረዙ።

መስመሮቹን መሰረዝ ብቻ ግን አልበቃም። የመታወቂያ ቅጂ እንሰበስብ ስለነበር፣ ከቀድሞዎቹ የቀበሌ መታወቂያዎች ብዙዎቹ ደግሞ ብሔር የሚል መስመር ስላላቸው፣ በፊት በር ያወጣነው በኋላ በር ይገባብን ነበር። ፋይዳ ብሔርና ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ቢሆንም የፋይዳ ቁጥር ራሱ ከሰውየው የባንክና የስልክ አገልግሎት ጋር የሚያያዝ እየሆነ ስለመጣ ቅጂውን መዝረክረክ አይገባም። ስለዚህ ቅጂ መሰብሰብ አቆምን። መታወቂያውን እናያለን፣ ስሙና ፎቶው ከሰውየው ጋር መመሳሰሉን እናረጋግጣለን፣ ከዚያም «መታወቂያ አይቻለሁ» ብሎ ያየው ሰው ቀን ጽፎ ይፈርማል። ከሕፃናት ጋር የሚሠሩትን ከወንጀል ነጻ ማስረጃ እንጠይቃለን፤ ይህን ለማስቀረት የሚፈልግ ካለ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ማስረጃውን ግን አይተን ለባለቤቱ እንመልሳለን እንጂ አናስቀርም። በመጨረሻ የቀሩት ጥያቄዎች ስድስት ናቸው፦ ስም፣ ስልክ፣ ክፍለ ከተማ፣ የሚመቸው ቀን፣ የሚችለው ሥራና የአደጋ ጊዜ ተጠሪ።

ለበጎ ፈቃደኞቹ መንገር ከሁሉም ከበደን። ሥራ አስኪያጃችን ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን «አንዱን ጉዳይ እናውቃለን፤ የቀሩትን ለምን እናስደነግጣቸዋለን?» አሉ። እኔም ውስጤ በዚህ ሐሳብ መስማማት ፈልጎ ነበር። ያንገዳገደኝ ያች በማታ ስልክ የምትቸገረው ልጅ ናት፤ ቁጥሯ ከየት እንደወጣ ብታውቅ ኖሮ ቢያንስ ማንን እንደምትጠረጥር፣ ምን እንደምትጠነቀቅ ታውቅ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ለ63ቱም ደወልን። በጽሑፍ መልእክት ሳይሆን በስልክ ያደረግነው ሰዎች እንዲጠይቁን ነው። የምንናገረውንም አስቀድመን ጽፈን ነበር፦ ምን እንደወጣ፣ እንዴት እንደወጣ፣ ምን እንዳደረግን፣ እነርሱ ምን ይጠንቀቁ። በተለይ ማንም ሰው ከድርጅታችን ነኝ ብሎ ቢደውልና የቴሌብር ወይም የባንክ ምስጢር ቁጥር ወይም በአጭር መልእክት የመጣ ኮድ ቢጠይቃቸው እንዳይሰጡ፣ እኛ እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ እንደማንጠይቅ ነገርናቸው። አብዛኞቹ «ችግር የለም ቲቸር» አሉ። አራት ሰዎች መረጃቸው በሙሉ እንዲጠፋ ጠይቀው ለቀቁ። አንዲት እናት ግን «እኔ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ መሆኔን ዛሬ ነው የምሰማው፤ ስልኬን ማን ሰጣችሁ?» አሉኝ፤ ልክ ናቸው፤ የእርሳቸውን ፈቃድ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አሁን ተጠሪ የሚሆነውን ሰው በጎ ፈቃደኛው አስቀድሞ እንዲያስፈቅድ እንጠይቃለን።

ይህ በሆነ በዓመቱ ገደማ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ። የግል ሕይወት የመከበር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ ድሮም ነበር፤ አዋጁ ግን ዝርዝሩን አመጣው። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦች ለባንኮችና ለቴሌኮም ብቻ የወጣ መስሏቸው ነበር፤ የሰው መረጃ የሚሰበስብና የሚጠቀም ድርጅት ግን ትንሽ በመሆኑ ብቻ ከአዋጁ አይወጣም። መረጃ ለታወቀ ዓላማ እንዲሰበሰብ፣ ከዓላማው እንዳያልፍ፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ያዛል፤ የጤና፣ የብሔር፣ የሃይማኖትና የመሳሰሉትን መረጃዎች ከሌላው ለይቶ ጥብቅ ጥበቃ ያደርግላቸዋል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ መረጃ ሲያፈተልክ ለባለሥልጣኑ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅም ከግዴታዎቹ አንዱ ነው። እኛ ሠራተኞቻችንን ለመጠየቅ ብቻ ሁለት ቀን መፍጀታችንን ሳስታውስ 72 ሰዓት ምን ያህል አጭር እንደሆነ ይገባኛል። አዋጁን ሙሉውን ማንበብ ይገባል፤ የእኔ ማጠቃለያ አይተካውም።

ወደ ዕለት ሥራው ስመለስ፣ ካደረግናቸው ለውጦች ቀላሉ የቴሌግራሙ ነበር። ማስታወቂያ የምናስተላልፍበትን ከግሩፕ ወደ ቻናል አዛወርነው፤ በቻናል ላይ ተከታዮች እርስ በርስ አይተያዩም። ለእያንዳንዱ ቡድን ትንሽ ግሩፕ ከፈትንና መሪው በየወሩ አባላቱን አንድ በአንድ እያየ የማያውቀውን እንዲያስወጣ አደረግን። በቴሌግራም ቅንብራቸው ውስጥ ስልክ ቁጥራቸው ለማንም እንዳይታይ ማድረግ እንደሚችሉም ለሁሉም እያሳየን አስተካከልን፤ ብዙዎቹ ይህ ምርጫ መኖሩን አያውቁም ነበር። ዋትሳፕ ግሩፕ የአባላቱን ቁጥር ለሁሉም ስለሚያሳይ ለዚህ ሥራ አንጠቀምበትም። ፒን የተደረገውን ፋይል ለሁሉም አጠፋነው፤ ቀድሞ ያወረደው ሰው ስልክ ላይ ያለውን ግን ልናጠፋው አልቻልንም።

ዱባይ ያለው ወጣት በደወልንለት ቀን ማታ ፎርሙን ዘግቶ መረጃውን አስረከበን፤ ይቅርታም ጠየቀን፤ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን። አሁን በድርጅቱ ስም የተከፈተ አንድ አካውንት አለ፤ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የተቆለፈ ነው፤ ሠራተኛ ወይም በጎ ፈቃደኛ ሲለቅ ከቁልፍና ከላፕቶፕ ጋር ይህን መዳረሻም ማስረከቡ በመልቀቂያ ቅጹ ላይ ተጨምሯል። ኤክሴል ላይ አንድ ዓምድ መደበቅ መቆለፍ እንዳልሆነም በዚያው ሰሞን ተማርሁ፤ የተደበቀውን ዓምድ ማንም ሰው በሁለት ንክኪ ይገልጠዋል። ፋይሉ ራሱ በይለፍ ቃል ካልተቆለፈ፣ ወይም ስሙ ከሌላው መረጃ ተለይቶ ሌላ ፋይል ላይ ካልተቀመጠ በስተቀር መደበቁ ራስን ማታለል ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ሁለተኛ ስሕተት ልናገር። ከነደነገጥሁበት ተነሥቼ ሁሉንም ነገር ቆለፍሁ፤ የይለፍ ቃሉን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ በዚህም ልቤ ተደስቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄጄ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ በተዘጋበት ቀን፣ ቤት ሲያድሱ ከነበሩት አንዱ ከመሰላል ወድቆ እጁ ተሰበረ። ቡድን መሪው ለቤተሰቡ ለመደወል ቢሮ ደወለ፤ ቢሮው እኔን ፈለገ፤ እኔ የለሁም። ልጁ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ እናቱ የሰሙት ማታ ነው። መረጃ ከማይገባው ሰው መጠበቁን እንጂ ለሚገባው ሰው በሰዓቱ መድረሱን አላሰብሁትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የአደጋ ጊዜ ተጠሪዎችን በወረቀት አድርገን፣ ለመስክ ሥራ የሚወጣው ቡድን መሪ በታሸገ ፖስታ ይዞ ይወጣል። ፖስታው ውስጥ የዚያ ቀን ቡድን አባላት ተጠሪዎች ብቻ ናቸው። አደጋ ከሌለ ፖስታው ሳይከፈት ማታ ይመለሳል፤ ማሸጊያው ላይ ፊርማዬ ስላለ መከፈቱ ይታወቃል። የይለፍ ቃሉንም ከእኔ ሌላ ሥራ አስኪያጁ ያውቁታል። የጤና ጉዳይ በጽሑፍ አንጠይቅም፤ ምድብ ከመጀመሩ በፊት ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ለብቻ ስንነጋገር «ከአንተ ጋር የሚሠራው ሰው ቢያውቀው ይጠቅመኛል የምትለው ነገር አለ?» እንለዋለን፤ ለማን እንደሚነገርም የሚመርጠው እርሱ ነው።

በውጭ ካሉት አካላት ጋር መነጋገሩ እንደፈራሁት አልሆነም። ወረዳው ዝርዝር ሲጠይቅ ቀድሞ በስልክ ጥያቄ ብቻ እንልክ ነበር፤ አሁን ለምን እንደሚፈለግ የሚገልጽ ደብዳቤ በትሕትና እንጠይቃለን፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ቁጥር ብቻ ሆኖ ይገኛል፦ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ቤት ታደሰ። ለጋሹ ግን ጠንከር ያለ ነበር። የትራንስፖርት አበል የተከፈላቸውን ሰዎች ስም፣ ስልክና ፊርማ ያለበት ዝርዝር ይፈልጋል፤ ጥያቄውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያልነበረ ሰው ስም ተጽፎ ገንዘብ የሚወጣበትን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ያቀረብነው ሐሳብ፣ በኢሜይል የሚላከው ሪፖርት ላይ በስም ፈንታ መለያ ቁጥር እንዲኖር፣ የተፈረመበት ዋናው ሰነድ ደግሞ ቢሮ ተቆልፎ እንዲቀመጥና ተቆጣጣሪያቸውም ሆነ ኦዲተር መጥቶ እንዲያየው ነው። ሁለት ወር ከተጻጻፍን በኋላ ተቀበሉት። የሒሳብ ሰነዶቹን ግን እንደሌላው ወረቀት በራስ ፈቃድ ማጥፋት ስለማይቻል፣ ስንት ዓመት መቆየት እንዳለባቸው ከኦዲተራችን ጋር ተነጋግረን በጽሑፍ አስቀምጠናል።

በየሥልጠናው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ግን ገና ሙሉ በሙሉ አላሸነፍነውም። መጨረሻ የሚፈርመው ሰው ከእርሱ በፊት የፈረሙትን አርባ ሰዎች ስልክ ያያል፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ቢያነሣ ማንም አያስተውለውም። ከወረቀቱ ላይ የስልክ ዓምዱን አስወጥተን ስምና ፊርማ ብቻ አስቀረን።

የለቀቁትን ሰዎች መረጃ በተመለከተ ስድስት ወር ቆይተን እናጥፋ ብለን ነበር፤ ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ሥራ ሲያመለክቱ የአገልግሎት ምስክር ወረቀት የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ስም፣ ያገለገሉበት ጊዜና የሥራው ዓይነት ብቻ በአንድ መዝገብ ላይ ይቀራል፤ ሌላው ሁሉ ይጠፋል። ወረቀቱን የምናጠፋው በሰኔና በታኅሣሥ ነው። መፍጫ ማሽን ስለሌለን፣ የጥበቃው ጋሼ ጓሮ ባለው በርሜል ውስጥ ሲያቃጥሉ ሁለት ሰው ቆሞ ያያል፣ ምን እንደተቃጠለም በቃለ ጉባኤ ይፈረማል። እትዬ መጀመሪያ ላይ «ይህን ሁሉ ወረቀት!» እያሉ ያዝኑ ነበር፤ ስም የሌለበትን ወረቀት ለይተን ለእርሳቸው መስጠት ከጀመርን ወዲህ ግን የሚለዩት እርሳቸው ናቸው፤ ባለፈው ታኅሣሥ እኔ ያለፍኋትን የክፍያ ወረቀት ከክምሩ አውጥተው አምጥተውልኛል።

ግድግዳው ላይ የለጠፍሁት ካርታ አሁንም አለ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሰምሮባቸዋል። ሁለቱ፣ በሰዎች ስልክ ላይ የቀረው የቴሌግራም ፋይልና የቆሎው ወረቀት፣ ክፍት ናቸው። ባለፈው ወር ለጋሹ ዘንድ አዲስ የተቀጠረች ሠራተኛ የስልክ ዓምድ ያለበት ዝርዝር በኢሜይል እንድንልክላት ጽፋልናለች፤ የቀድሞውን ስምምነት ከደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላታለሁ፤ መልሷን እየጠበቅሁ ነው።